የአሳላፊዎቹ መለዮ

«ይትባረክ ሰው ሲያጣ ሰው ይሠራል» ትላለች እናቱ፣ ጎረቤት ስለ ልጇ ሲጠይቃት። ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነቷን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣለት ከቀረ ወዲህ፣ ቀን ቀን ዓባይ ማዶ አስፋልቱ ዳር ባለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣል። ከሥራ ሲወጣ እንደ እኩዮቹ ድልድዩን ተሻግሮ ሐይቅ ዳር አይንሸራሸርም። ከግቢያቸው ጀርባ ወዳለችው ሰርቪስ ቤት ይገባና፣ ከሽቦና ከጄሶ አውራ ጣት የሚያህሉ ሰዎች ይሠራል። ሽቦው አጥንታቸው፣ ጄሶው ሥጋቸው፣ ኮላ የጠጣ ፋሻ ልብሳቸው ነው። ጠጉሯን በምላጭ መልምሎ እንደ መርፌ ባቀጠናት ብሩሽ ዓይንና ቅንድብ ይስልላቸዋል። አንዳንዴ ሐሳብ ይዞት ጭልጥ ይላል፤ ሲመለስ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ደርቆ ይጠብቀዋል።

ዘንድሮ የያዘው ሥራ ግን ከእስከ ዛሬው ሁሉ ይገዝፋል። በአንድ ሰፊ ጣውላ ላይ የጎንደር ዘመን ግብር አንጥፏል። ደጃዝማቹ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ስም የለውም፤ ይትባረክ ከልቡ ያወጣው ጌታ ነው፤ ቀሚሱ ሐር፣ ጢሙ ሽበት ጣል ያደረገበት። መኳንንቱና ካህናቱ በየማዕዱ ዙሪያ ናቸው። አንዱ ጉርሻ ዘርግቷል፤ አንዱ ዋንጫውን ጨብጦ ያወራል፤ አንድ ሽማግሌ ጠጁ ከብዶት እንቅልፍ ወስዶታል። እነዚህ ሁሉ ቀለማቸውን አግኝተው ሰው ሆነዋል። በመካከላቸው የቆሙት አሳላፊዎች ብቻ፣ ጠጅ የሚቀዱት፣ ሥጋ የሚሸከሙት፣ እጅ የሚያስታጥቡት አሽከሮች፣ ገና ጄሶ ናቸው። ይትባረክ ባያቸው ቁጥር «እኛስ መቼ ነው የምንወለደው?» የሚሉት ይመስለዋል።

ያስቀራቸው አንድ ጥያቄ ነው። የዚያ ዘመን የጌታ ቤት አሽከር ምን ቀለም ነበር የሚለብሰው?

ይህን ጥያቄ ያመጣበት ስልኩ ነው። እንደሱ ትንንሽ ሰዎች የሚቀቡ የፈረንጅ አገር ሰዎች ሲሠሩ በቪዲዮ ያያል። በዚያ አገር ድሮ የአንድ ጌታ ቤት አሽከር ሁሉ የዚያን ቤት ቀለም ይለብስ ነበር፤ ኮቱ ቢጫ፣ ገበሩ ሰማያዊ፣ ቁልፉ ብር። ቀቢዎቹ ስለ አንዲት የእጅጌ ጥለት ወር ሙሉ ሲከራከሩ ይትባረክ ቋንቋቸውን ግማሽ በግማሽ እየሰማ ልቡ በደስታ ይሞላል። እንዲህ ለኢምንት ነገር የሚጨነቅ ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ አለመሆኑ ደስ ይለዋል። «በእኛም አገር መለዮ ቀለም ሳይኖር አይቀርም» አለ ለራሱ። «የማን አሽከር እንደሆነ ከሩቅ ካልታወቀ የጌታው ጌትነት ምኑ ላይ ነው?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘውን የድሮ ሥዕል ፎቶ እያጎላ ያያል። ሥዕሎቹ ግን ጌታውን፣ የጌታውን ፈረስ፣ የፈረሱን ጌጥ ያሳዩታል እንጂ ልጓም የያዘውን ሰው ገፋ አድርገው ነው የሚያልፉት።

ጥያቄው ደግሞ ቀጠሮ ነበረው። ሰኞ ጠዋት አባቱ ሰርቪስ ቤቷ በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ዳኘው በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ ተመድበው መጥተው፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ያረጁ ሰው ናቸው። ጥፍራቸው ሥር ሰማያዊ ቀለም አይጠፋም፤ በሰንበትም፣ በፋሲካም አይጠፋም።

«ስማ፣ ይቺን ክፍል የሚፈልግ አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ» አሉ። «ጨዋ ነው አሉኝ። ዝምተኛ ነው፤ ብቻውን ነው።»

«እኔም ዝምተኛ ነኝ፤ ብቻዬን ነኝ።»

«አንተማ ምን ብቻህን ነህ? ጭፍራ አስከትለህ ነው የምትኖረው» አሉና ወደ ጣውላው በአገጫቸው አመለከቱ። «ይኸውልህ፣ እኔ ክፉ አባት አይደለሁም። እሁድ ሐይቁ ዳር የሚከፈተው የእጅ ሥራ ማሳያ አዳራሽ ይህን ሥራህን ከተቀበለልህ ክፍሏ ያንተው ናት፤ ዳኘው ብያለሁ። ካልተቀበለህ ግን ሰኞ ሰዎችህን በካርቶን ሰብስበህ ቁም ሣጥን ላይ ትሰቅልልኛለህ። ከዚያ በኋላ ስለ ጠጅ አሳላፊ ስታስብ ማየት አልፈልግም። ተስማማን?»

«ተስማማን፣ አባባ።»

አባቱ ሲሄዱ ይትባረክ ክፍሉን ዞር ብሎ አየ። መስኮቷን፣ ከመስኮቷ ሥር ያለችውን ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ብሩሽ ሲሞክር የጠራረጋቸውን ቀለማት። ሌላ ሰው እዚህ አልጋውን ሲዘረጋ ሊታየው አልቻለም።

አዳራሹን የምታዘጋጀው ርሆቦት ናት። አዲስ አበባ ያደገች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ለሰው ሁሉ የቁልምጫ ስም የምታወጣ ልጅ ናት። ደወለላት።

«ይትቤ፣ አሽከር እኮ ነው!» አለችው። «አሽከርን ማን ያየዋል? ሁሉንም ቀይ ቀባቸውና ገላግለን።»

«ቀይ ይለብሱ እንደነበር በምን አወቅሽ?»

«የት አባቴ አውቃለሁ! ግን ያምራል፤ ፎቶ ላይ ይመታል።» ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «አንድ ነገር ግን ልንገርህ። የሚመጡት እንግዶች የጎንደርና የጎጃም ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንደበታቸው አይቻልም። አምና አንድ ሆቴል በሩ ላይ የንጉሥ ሐውልት አቁሞ ነበር። ‹እኚህ ንጉሥ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አዟዙረው ነው እንዴ የነገሡ?› ብለው ከተማውን ሙሉ አሳቁበት። ሐውልቱ ተነሣ። እንደዚያ እንዳታደርገኝ፤ ያላለቀ ሥራ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ አይወጣም፤ እሺ?»

እሺ አለ። ስልኩን ዘግቶ አንዱን ጠጅ ቀጂ ቀይ ቀባው። ሲደርቅ ትክ ብሎ አየው። ትናንት የተከፈተ ሆቴል አስተናጋጅ ይመስላል፤ «ምን ልታዘዝ?» ሊለው ምንም አልቀረውም። ቀዩን በምላጭ ፍቆ አነሣለትና ይቅርታ ጠየቀው።

ያን ጊዜ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ትዝ አሉት። መሪጌታ የዘጌ ሰው ናቸው፤ ባሕር ዳር በገቡ ቁጥር ሱቁ ጎራ ብለው ወረቀትና ቀይ ቀለም ይገዛሉ። አንድ ቀን ስለ ትንንሽ ሰዎቹ ሲነግራቸው «እኛ ዘንድ ና፤ ግድግዳው ላይ ሰው ሞልቶልሃል» ብለውት ነበር። ሐሙስ ዕለት ከሱቁ ፈቃድ ወስዶ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገረ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ዳር ዳሩን እንቦጭ ቢወረውም መሐሉ ጠርቷል፤ ይትባረክ ውሃውን እያየ ይህን ቀለም ለማግኘት ስንት ሰማያዊና ስንት አረንጓዴ መቀላቀል እንዳለበት ሲያስብ ጀልባው ወደቡን ነካ። በቡናው ጫካ መካከል በምትወጣው ቀጭን መንገድ ጦጣዎች ከላይ ቅጠል እያራገፉበት ደብሩ ደረሰ።

መሪጌታ የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ጫማውን አስወልቀው አስገቡት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። በዘንጋቸው አንዱን አመለከቱ።

«እነሆ ቃና ዘገሊላ። አሽከር ካልኸኝ ከዚህ የበለጠ የለኝም።»

ይትባረክ ተጠጋ። ጋኖቹ ተደርድረዋል። አሳላፊዎቹ ውሃ ይገለብጣሉ፤ አንዱ ቢጫ ለብሷል፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ደግሞ መስመር መስመር ያለው። ልቡ ዘለለ፤ ከዚያ ግራ ገባው።

«መሪጌታ፣ ይህ ቢጫ የለበሰው የማን አሽከር ነው?»

«የዶኪማስ ነዋ፤ የሠርጉ ባለቤት።»

«ይህ አረንጓዴውስ?»

«እሱም የዶኪማስ።»

«የአንድ ጌታ አሽከሮች ከሆኑ ለምን ቀለማቸው ተለያየ?»

«ሠዓሊው ቢጫው አልቆበት ይሆናላ!» አሉና መሪጌታ በሳቅ ተንፈቀፈቁ፤ ባትሪያቸው ግድግዳው ላይ ዘለለች። «አይ ልጄ! ሠዓሊ ያለውን ቀለም ነው የሚቀባ። ያንን ደግሞ እይ፣ ነዌ ባለጠጋው ሲበላ። አሽከሩ እጅ ሲያስታጥበው ሰማያዊ ለብሷል፤ ከጎኑ ደግሞ ያው አሽከር አልዓዛርን ከደጅ ሲያባርር ቀይ ሆኗል። በመካከል ልብስ ቀይሮ ነው ትለኛለህ?»

«ታዲያ መለዮ ቀለም አልነበራቸውም?»

«እኔ እንጃ! በዚህ ደብር ሳገለግል አረጀሁ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የመላእክቱን ክንፍ ነው። የአሽከር ቀለም ብሎ የጠየቀኝ ካንተ በፊት አላየሁም።» እያዩት ፊቱ ሲጠቁር አሳዘናቸው መሰል ትከሻውን ቸብ አደረጉት። «በባዶ ሆድ ሥዕል አይታይም። ዛሬ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ነው፤ ና ደጀ ሰላም እንቀመጥ።»

ደጀ ሰላሙ ጢም ብሏል። ሽማግሌዎችና ካህናት ነጭ በነጭ ሆነው በየመደቡ ተቀምጠው ዳቦው ተቆርሶ፣ ሽሮው ቀርቦ ጠላው ይጠበቃል። ይትባረክ ጥግ ፈልጎ ሊደበቅ ሲል አንዲት ቀጭን መነኩሴ ከማሰሮዎቹ መካከል ብቅ አሉ። እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ይባላሉ፤ የማኅበሩ ድግስ በእሳቸው እጅ ነው።

«አንተ ረጅሙ! ምን ትጎለታለህ? ጎረምሶቹ ሁሉ ገበያ ብለው ባሕር ዳር ገብተው ጉልበት ያለው ካንተ በቀር የለኝም። ና ይህችን ማሰሮ አንሣ!»

«እንግዳ እኮ ነው፣ እማሆይ» አሉ መሪጌታ።

«እንግዳ ከሆነማ እጁ አልደከመም!»

ይትባረክ ማሰሮዋን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ሄደ። ከአንድ ሽማግሌ ቄስ ፊት ጎንበስ ብሎ ሊቀዳ ሲል ነጠላው ከትከሻው ተንሸራትቶ ጫፉ ሽሮው ውስጥ ጥልቅ አለ። ደንግጦ ቀና ሲል የነጠላው ሌላ ጫፍ የአጠገባቸውን ሰው ዋንጫ ገለበጠው። ደጀ ሰላሙ በሳቅ ፈረሰ።

«ኧረ ዛሬስ ደጃዝማች ናቸው የሚቀዱልን!»

«አባ፣ ልብሳቸውን ተጠንቀቁ፤ ሐር ነው!»

«ሽሮውንም ባርከውልናል፤ እንግዲህ አይበላም!»

እማሆይ ግን አልሳቁም። ማሰሮዋን ከእጁ ተቀብለው መሬት አስቀመጡና ነጠላውን ጎትተው አወረዱበት። «ጌታ ነህ እንዴ ትከሻህን ሸፍነህ የምታሳልፍ? ወዲህ ዙር። አደግድግ!» ነጠላውን በርዝመቱ አጥፈው፣ በወገቡ ላይ ጠምጥመው፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው ሸብ አደረጉት። «እናትህ አላሳየችህም?»

«በከተማ ሠርግ አሳላፊ ከረቫት ነው የሚያስር፣ እማሆይ።»

«እሱንስ ሽሮ ውስጥ አይነክሩትም?» አሉና ከወገቡ ገፋ አደረጉት። «ሂድ። አሁን ሰው መሰልህ።»

አሁን እጆቹ ነፃ ሆኑ። ሰውነቱም ቀለለው። ከሰው መካከል ሲሆን ሁልጊዜ የት እንደሚቆም፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ይጠፋው የነበረ ልጅ፣ እዚህ ግን ቦታው ታወቀለት። ዋንጫ ይዘረጋል፣ ይቀዳል፤ ዳቦ ይጠራል፣ ያደርሳል። ማን እንደሆነ፣ ውጤቱ ስንት እንደነበር፣ መቼ እንደሚያገባ የሚጠይቀው የለም። «እጅህን ይባርከው» ይሉታል፣ ያልፋል። ቀድቶ ቀድቶ ማሰሮዋ ስትቀልል፣ ምሰሶ ተደግፎ ትንፋሹን ሲሰበስብ ነው ድንገት ዓይኑ የተከፈተው።

በደጀ ሰላሙ ቀለም የሚባል ነገር የለም። የተቀመጠውም ነጭ፣ የሚያሳልፈውም ነጭ። ነገር ግን የተቀመጡት ሁሉ ትከሻቸውን ሸፍነዋል። የቆሙት፣ እሱና ጋን የሚያዘነብሉት ሁለት ዲያቆናት፣ ልብሳቸው ወገባቸው ላይ ነው። ከሐይቁ ማዶ ሆኖ የሚያይ ሰው እንኳ ማን ጌታ ማን አሳላፊ እንደሆነ አይስትም።

ማደግደግን ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። የንስሐ አባታቸው ቤታቸው በመጡ ቁጥር አባቱ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ወገባቸው ላይ አስረው፣ እጃቸውን ለማስታጠብ ጎንበስ ሲሉ ከልጅነቱ ጀምሮ አይቷል። ሰው ቤቱ ውስጥ የሚያየውን አያይም። ቀለም፣ ቀለም ሲል መለዮው በዓይኑ ሥር እየተመላለሰ ሲያልፈው ኖረ።

ማሰሮዋን አስቀምጦ ወደ ቤተ መቅደሱ ሮጠ ማለት ይቀላል። መሪጌታ «ምን ረሳህ?» እያሉ ባትሪያቸውን ይዘው ተከተሉት።

«ዶኪማስን ያብሩልኝ፣ መሪጌታ።»

አበሩለት። ዶኪማስ እስከ አንገቱ ተከናንቧል። ብርሃኑ ወደ አሳላፊዎቹ ወረደ። ቢጫውም፣ አረንጓዴውም፣ ቀዩም፣ ባለ መስመሩም፣ ሁሉም ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገዋል። ሠዓሊው በቀለሙ እንደልቡ ሆነ እንጂ በመታጠቂያቸው አንዱንም አልሳተም።

ይትባረክ ሳቀ። ከዚያ የራሱ አሳላፊዎች ትዝ አሉትና ሳቁ ቀጥ አለ። ሁሉንም ሲሠራቸው ፋሻውን እስከ ትከሻቸው አከናንቦ አድርቆታል። ጣውላው ላይ አንድ አሽከር የለም ማለት ነው፤ ደጃዝማች ለደጃዝማች ጠጅ ሲቀዳ ነው የከረመው። የጎንደር ሽማግሌዎች ይህን ቢያዩ የንጉሡ ጫማ ተረስቶ የሱ ግብር መተረቻ ይሆን ነበር።

«መሪጌታ፣ ልሂድ፤ ልብስ የማስወልቀው ሰው አለኝ» አለ።

«እግዚኦ!» አሉ መሪጌታ። «ኧረ ቀስ በል፤ ነጠላህን ፈተህ ሂድ፤ ወደቡ ላይ ዕቃ ያሸክሙሃል!»

ዓርብና ቅዳሜ ከሱቁ ፈቃድ ወስዶ ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ በመስኮቱ ብርሃን ሠራ። የደረቀውን ፋሻ በለብ ያለ ውሃ እያራሰ ላጠላቸው። የአንዱ ክንድ ተሰበረ፤ በሽቦ ጠገነው። አዲሱን ፋሻ እንደ እማሆይ በርዝመቱ እያጠፈ፣ ወገባቸው ላይ እየጠመጠመ፣ በወረንጦ ሸብ ያደርጋል። ልብሱ ሲወርድ ትከሻቸው ወጣ፤ ትከሻቸው ሲወጣ ሸክማቸው ታየ። ከዚያ በፊት የቆሙ ይመስሉ የነበሩት አሁን ሊራመዱ ደረሱ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባቱ ገቡ። አንዱን ጠጅ ቀጂ በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወደ መስኮቱ ያዙት።

«ቀለሙስ?»

«ነጭ ነው፣ አባባ። ሁሉም ነጭ ናቸው። መለዮአቸው ቀለም አልነበረም፤ እዚህ ጋ ነው።» ወገቡን አሳያቸው።

አቶ ዳኘው ጠጅ ቀጂውን በብርሃኑ ላይ አገላበጡት። «ነጭማ ከሁሉ የከፋው ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኛ ጋ ቀይ ሲበላሽ ሌላ ቀይ እንደርብበታለን፤ ያልፋል። ነጭ ግን ያሳብቅብሃል። ለመሆኑ ሁሉንም ከአንድ ቆርቆሮ ልትቀባቸው ነው?»

«ሌላ ምን ነጭ አለ?»

«ጉድ! የኔ ልጅ ነህ አንተ?» በርጩማ ሳቡና ተቀመጡ። «አዲስ ጥጥ ወደ ቅቤ ይሄዳል። ታጥቦ ታጥቦ የነጣ ሰማያዊ ይመታል። ጭስ የጠገበውን ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። አሁን ይሄ ሥጋ ተሸካሚ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከማጀት።»

«ከማጀት ከመጣ ጭስ አለበት። ትንሽ ጥቁርና ትንሽ ቡኒ ነካ አድርገህ ስጠኝ።» ሰማያዊ ጥፍር ያለው ወፍራም እጃቸው ቀጭኗን ብሩሽ ሲይዛት ይትባረክ ትሰበራለች ብሎ ፈራ። አልተሰበረችም። አባቱ ቀለሙን ጠብታ በጠብታ እየቀላቀሉ በጥፍራቸው ላይ ይሞክራሉ፣ ያጠፋሉ፣ እንደገና ይሞክራሉ። ጠጅ ቀጂዎቹ መታጠቂያቸው ላይ ትንሽ ቢጫ ነጠብጣብ ወጣላቸው። እጅ አስታጣቢው ወገቡ አካባቢ ርጥብ መሰለ። ደጃዝማቹ አጠገብ የቆመው አሽከር ከሁሉ የነጣ ሆነ፤ ጌታው ፊት የሚቆም ንጹሕ መሆን አለበት ብለው ተስማሙ። እናቱ ምሳ ብላ ብትጣራ የሰማት የለም፤ በመጨረሻ በሩ ላይ መጥታ ሁለቱን አየችና «እንግዲህ ሁለት ሆኑልኝ» ብላ ተመለሰች።

አቶ ዳኘው ሲነሡ ጉልበታቸውን እያሹ አሉት፦ «ስምምነታችን ግን እንዳለ ነው። አዳራሹ ካልተቀበለ፣ ካርቶን።»

«እንዳለ ነው፣ አባባ።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባጃጅ ጠሩ፤ ጣውላው አልገባም። በወርዱም ሞከሩት፣ በርዝመቱም ሞከሩት፤ ባለ ባጃጁ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አገር ነው፤ ለአገር አይሱዙ ነው የሚጠራ» ብሎ ጥሏቸው ሄደ።

«በእግር እንሂድ» አሉ አባቱ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ እንዳይጠልፋቸው በርዝመቱ አጥፈው ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉና የጣውላውን ፊት አነሡ። ይትባረክ ከኋላ ያዘ። ዓይኑ የአባቱ ወገብ ላይ አረፈ።

እንዲህ ሆነው ግብሩን በመካከላቸው ተሸክመው የዓባይን ድልድይ ተሻገሩ። ከታች ውሃው ከሐይቁ ወጥቶ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ከላይ ሁለቱ ጠጁ እንዳይፈስ የፈሩ ይመስል እርምጃቸውን እየለኩ ይራመዳሉ። መንገደኛው ያሾፋል።

«ጋሼ፣ ግብሩ የት ነው? እኛም እንጠራ!»

«አስቀድመህ እጅህን ታጠብ!» ይላሉ አቶ ዳኘው ዞር ሳይሉ።

አዳራሹ በር ላይ ርሆቦት እየተጣደፈች ተቀበለቻቸው። ጣውላውን አይታ «ውይ! ቀይ የለም እንዴ?» ልትል አፏን ከፈተች፤ አሳላፊዎቹን ልብ ብላ አየችና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ወደ አቶ ዳኘው ዞረች። «አባቱ ነዎት?»

«እኔ አሳላፊው ነኝ» አሉ አቶ ዳኘው ላባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። «የት እናኑረው?»

በግድግዳው በኩል ባለ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ሽማግሌዎቹ ገቡ። በየሥራው ፊት እየቆሙ አንዱን ያመሰግናሉ፣ አንዱን ይሸነቁጣሉ። ግብሩ ጋ ሲደርሱ ይትባረክ ከምሰሶው ኋላ ሆኖ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ባለ ከዘራ አንድ የጎንደር ሽማግሌ ጎንበስ አሉ፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ፤ ፊታቸውን ወደ ጣውላው አስጠጉ። አሳላፊዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ይኸ ልጅ ማሰሮው ከብዶታል» አሉ በመጨረሻ፣ በከዘራቸው ጫፍ ሳይነኩ ወደ አንዱ ጠጅ ቀጂ እያመለከቱ።

«ይችለዋል፤ አደግድጓል» አሉ ጓደኛቸው። «ይልቅ ያ የተኛው ሽማግሌ ያንተን አባት አይመስልም?»

«የኔ አባት በግብር ላይ አይተኛም! ያንተው ነው!»

ሳቁ። ሌሎቹም ተሰበሰቡ፤ ማን የማንን ዘመድ እንደሚመስል መከራከር ተያዘ። የአሳላፊዎቹን ልብስ አንስቶ የተቸ አልነበረም። ርሆቦት በሰዎቹ መካከል ተሹለክልካ መጣችና «ይትቤ፣ እዚህ ጥግ ምን ሊሠራ? መሐል ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። በል ያዝልኝ» አለችው።

አባትና ልጅ ጣውላውን እንደገና አነሡ። ሰው ገለል ብሎ አሳለፋቸው። መሐሉ ላይ ሲያኖሩት አቶ ዳኘው ቀና ብለው ዙሪያውን አዩና ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ።

«ያን የባንክ ሰውዬ ሌላ ቤት እንዲፈልግ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ» አሉ በለሆሳስ። «ሰኞ ከሥራ ስወጣ ጣውላ ይዤ እመጣለሁ። መደርደሪያውን በየትኛው ግድግዳ ልምታልህ?»

«በመስኮቱ ትይዩ። ብርሃኑ እዚያ ነው የሚያርፍ፣ አባባ።»

«ነጭ ለማየትስ እሱ ይሻላል» አሉ አቶ ዳኘው። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደማንኛውም እንግዳ አዳራሹን ሊጎበኙ ሄዱ። ጋቢያቸው እስካሁን ወገባቸው ላይ ነው፤ ረስተውታል። ይትባረክ ሊነግራቸው አሰበና ተወው።